ሳይቀመስ የቀረበው ምስር

ሞያሌ ካለችው ሆቴሌ አንድ የሂንዱ እምነት ያለው የመንገድ መሐንዲስ አርፎ ነበር። ምስር እየሠራሁለት፣ እንደ ልማዴ ጨዉን ስቀምስ አየኝና «ፖሌ ማማ» ብሎ በስዋሂሊ ይቅርታ ጠየቀኝ። «መጀመሪያ ለአምላኬ ነው የማቀርበው። ከእሱ በፊት ማንም አይቀምሰውም።» ወጥ ሳይቀመስ ይወጣል እንዴ? እያጉረመረምኩ፣ እጄን ከአፌ ከልክዬ ሌላ ሠራሁ።

ሳህኑን ከአንዲት ትንሽ ምስል ፊት አስቀምጦ መብራት ለኮሰ፤ ዓይኑን ጨፍኖ ብዙ ቆየ። ከዚያ «አሁን የእሱ በረከት ነው» ብሎ አስቀድሞ ለእኔ አካፈለኝ። ስጎርስ ክው አልኩ። ለካ በጭንቀት ጨው የሚባል አልጨመርኩበትም። እሱ ግን እንደ ቆራቢ ተጠንቅቆ፣ ጠብታ ሳያስቀር በላው። ጨው ላምጣልህ ልለው ነበር፤ ተውኩት። አምላክ በባረከው ማዕድ ላይ ማን ጨው ይጨምራል?