ሦስት ጊዜ የቀረ ይሰረዛል

ባለፈው የካቲት አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ታክሲ ከመያዜ በፊት ማኪያቶ ልጠጣ ፒያሳ ካለ አንድ ካፌ ጎራ ብል፣ የዕድራችንን ዳኛ አቶ ዘርዓብሩክን ባንኮኒው አጠገብ ቆመው አገኘኋቸው። ሰፈራችን ፈርሶ በከተማው ዳርቻ ሁሉ ከተበተንን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። እሳቸው ግን ያለ ፒያሳ አይሆንላቸውም፤ ከልጃቸው ቤት ሁለት አውቶቡስ ተሳፍረው በየቀኑ ይመጣሉ። ያን ቀን ፊታቸው ጠቁሯል።

«መድኃኔ፣ እንኳን አገኘሁህ» አሉኝ፣ ሰላምታችንን በወጉ ከጨረስን በኋላ። «አንተ የአማርኛ መምህር ነህ። ግትር ማለት ስድብ ነው?»

«ማን አለዎት፣ ጋሼ?»

«ጽዮን፣ የዓለምጸሃይ የወንድም ልጅ። የዕድሩን ድንኳን ስከለክላት ግትር ብላኝ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።»

ነገሩን አውቀው ነበር። የዓለምጸሃይ እናት እማማ ለተክርስቶስ ንጋት ላይ ዐርፈዋል፤ እኔም ወደዚያው መሄዴ ነው። ዓለምጸሃይ ሃያ ዓመት የቆየች የዕድራችን አባል ነበረች። ሰፈሩ ሲፈርስ ራቅ ያለ ቦታ ቤት ደረሳት፤ እናቷም አልጋ ላይ ዋሉባት። እሳቸውን ጥላ መውጣት ስላልቻለች ከሦስት ቀብር ቀረች። «ሦስት ጊዜ በተከታታይ የቀረ ይሰረዛል» ይላል ደንባችን፤ ባለፈው ወር ተሰረዘች። ስለዚህ ድንኳንም ለፋፊም የላትም።

«እኔ ራሴን የማውቀው ጥብቅ ብዬ ነው» አሉ አቶ ዘርዓብሩክ።

«ጥብቅማ ጥሩ ቃል ነው፣ ጋሼ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከዕድሩ ዕቃ አንዲት ጭልፋ ያልጎደለችው በእርስዎ ጥብቅነት ነው። ወግ አጥባቂ ቢሉዎትም አይክፋዎት፤ ወግ የሚጠብቅ ሰው ያስፈልገናል። ግትር ግን ነገሩ መለወጡን በዓይኑ እያየ ንቅንቅ የማይለው ነው። ከሱም የባሰ አለ፤ ደረቅ። ደረቅ ሰው የሌላው ችግር አይገባውም።»

«ታዲያ እኔ የቱ ነኝ?»

«እሱን ገና አላወቅሁም።»

ቅር አላቸው። «ደንቡን እኔ ብቻዬን አላወጣሁትም። ዛሬ ለአንዷ ካላላሁት ነገ ሁሉም ይቀራል። ከዚያ ዕድር የሚባል ነገር አይኖርም!»

ብዙ ወጣቶች እንዲህ ያሉ አረጋውያን ክፉ ይመስሏቸዋል። እኔ ግን በአቶ ዘርዓብሩክ ፊት ላይ ያየሁት ፍርሃት ነው። ቤታቸው ፈርሷል፣ ጎረቤታቸው ተበትኗል፤ ከዚያ ሁሉ ዘመን በእጃቸው የቀረው ያ የዕድር መዝገብ ብቻ ነው።

«ደንቡ ሲወጣ ግድግዳ ለግድግዳ ነበርን» አልኳቸው። «ያን ጊዜ የቀረ ሰው ንቆ ነው የሚቀረው። ዓለምጸሃይ ሦስት ታክሲ ቀይራ ትምጣ ቢባል እናቷን ማን ያገላብጥላታል?»

«ሰው መላክ ነበረባት።»

«ማንን? ያለቻት ጽዮን ብቻ ናት፤ እሷም ስድስት ኪሎ ትማራለች።»

«አስከሬኑን ማን ይሸከማል?» ሲሉ ጠየቁ።

«ጽዮን ከአትክልት ተራ አራት ተሸካሚዎችን አነጋግራለች።»

ስኒያቸውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ። «ምን? እማማ ለተክርስቶስ በማያውቋቸው ሰዎች ትከሻ?»

«እነሱማ እሺ ብለው መጡላት፣ ጋሼ። ያልመጣነው እኛ ነን።»

አቶ ዘርዓብሩክ ሲናገሩ ድምፃቸው ተለወጠ። «ባለቤቴ የሞተች ጊዜ እማማ ለተክርስቶስ ሦስት ቀን ከድንኳኔ አልወጡም። ወግ ጠባቂ ነኝ እያልኩ ወጉን ያፈረስኩት እኔው ነኝ ማለት ነው።» ወዲያው ስልካቸውን አውጥተው ለፋፊያችንን ጠሩ። «ሲሞን፣ ድንኳኑን አስጭን! አዎ፣ ለዓለምጸሃይ። ለጉባኤው መልስ የምሰጠው እኔ ነኝ። ጥሩምባውንም ተወው፣ ማን ይሰማሃል? ለሁሉም በየስልካቸው ደውል።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ከሃምሳ ሰው በላይ ነበርን። አስከሬኑን የዕድሩ ሰዎችና ከአትክልት ተራ የመጡት እየተቀያየርን ተሸከምን፤ ከቀብር መልስም በአንድ ድንኳን አብረን በላን። ዓለምጸሃይ ያን ሁሉ ሰው አንድ በአንድ አየችና አጠገቧ በተቀመጠች ጎረቤቷ ትከሻ ላይ ተደግፋ እንቅልፍ ወሰዳት። ስንት ወር ሙሉ ሌሊቱን እናቷን ስታገላብጥ ነው የከረመችው። አቶ ዘርዓብሩክ ማንም እንዳይቀሰቅሳት በእጃቸው ምልክት ሰጡ።

በሚቀጥለው እሑድ ደንቡ እንዲሻሻል ጉባኤውን የጠየቁት ራሳቸው ናቸው። አሁን የራቀ አባል ምክንያቱን በስልክ ያስታውቃል፤ ለቀብር ያልደረሰ በሌላ ቀን መጥቶ ያስተዛዝናል፤ ማንም ሰው ሁለት ሽማግሌ ቤቱ ድረስ ሄዶ ሳይጠይቀው አይሰረዝም። በዚህ ምክንያት ዘጠኝ የተሰረዙ አባላት ተመልሰዋል። በየልቅሶው የሚገኘው ሰውም እንደተፈራው አልቀነሰም፤ እንዲያውም ጨመረ።

ከሁሉ የጠቀመን ያ ቤት ድረስ ሄዶ መጠየቁ ነው። ሚያዝያ ላይ የሲን የተባለ የድሮ ጎረቤታችን ሦስት ጊዜ ቀርቶ ነበርና አቶ ዘርዓብሩክና እኔ ሄድን። በምርኩዝ እየተደገፈ በሩን ከፈተልን። እግሩ ከተሰበረ አራት ወሩ ነው። እኛ የሲን ረሳን እያልን ስናማው፣ እሱ ደግሞ ዕድሩ ረሳኝ ብሎ ሲያዝን ከርሞ ኖሯል።