በሽምግልና ያለቀ ፍጹም ቅጣት ምት
የዳኝነት ኮርስ ጨርሼ ከጎንደር ወጥቼ መጀመሪያ ያጫወትኩት አምባ ጊዮርጊስ አጠገብ፣ የሁለት ቀበሌ የገበሬ ልጆች ሲገጥሙ ነው። የግጦሹን መሬት ሜዳ ያስደረጉት፣ ሁለቱንም ቡድን ያቋቋሙት አያ ሞላ የሚባሉ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ተከናንበው ዳር ተቀምጠዋል። ዜሮ ለዜሮ ሊያልቅ ሲል አንዱ ተከላካይ አጥቂውን ጎሉ አጠገብ ጠልፎ ጣለው። ፊሽካዬን ነፍቼ ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠሁ፤ ለተከላካዩም ቀይ ካርድ አወጣሁ።

ይኼኔ አያ ሞላ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ሜዳው መሐል ገቡ።

«ምነው ልጄ፣ ሳታስታርቅ ወደ ቅጣት ትሮጣለህ?»

«አያ፣ ሕጉ ነው» ብል ማን ሰምቶኝ! ተከላካዩ ጎንበስ ብሎ የአጥቂውን ጉልበት ሳመ፤ አጥቂውም «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለው። እኔም እፎይ ብዬ ኳሷን አስቀመጥኩና «በል ምታ» አልኩት።

«ይቅር ካልኩት በኋላ? ሰው ምን ይለኛል!» ብሎ ኳሷን ቀስ አድርጎ ለበረኛው አቀበለ። ተመልካቹ በጭብጨባ አቀለጠው።

አያ ሞላ ግን አልጨረሱም፤ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተም ካርድ መዝዘህበታል። በል ታረቀው።»

ግራ ቀኙን አየሁ፤ የሚያግዘኝ የለም። ካርዴን ኪሴ ከትቼ የተከላካዩን ጉንጭ ሳምኩ።