በእግረኛ መንገድ ላይ የተነበበችው የመጻሕፍት ገጽ፦ የእትዬ ገጽ ዜና ሕይወት

ከትናንት በስቲያ ቀትር ላይ በቤታቸው ወጥ ቤት ቆመው እየተጫወቱ የነበሩትን እህታችንን ዛሬ ወደ ማረፊያቸው ልንሸኝ ስንሰበሰብ፣ ድንጋጤው ገና ከላያችን አልወረደም፤ ስለ እሳቸው «ነበሩ» ብሎ ለመናገርም አንደበታችን እሺ አላለንም። ቢሆንም የኖሩት ኑሮ ሳይነገር እንዳይቀር፣ ታናሽ ወንድማቸው በቤተሰቡ ስም እንዲህ ያነብላችኋል።

እህታችን ከመጽሐፍ ጠራዥ አባታቸውና ከአዋላጅ ነርስ እናታቸው ለቤቱ የበኩር ልጅ ሆነው ተወለዱ። የአባታቸው መሥሪያ ክፍል ከልጆቹ መኝታ የሚለየው በአንድ ሳንቃ ብቻ ስለ ነበር፣ የወረቀት መቁረጫው ድምፅ እሹሩሩ ሆኖላቸው አደጉ። ፊደል የለዩትም በጥረዛ ጊዜ ተበላሽተው በተጣሉ ገጾች ላይ ሲሆን፣ እነዚያ ገጾች መጀመሪያም መጨረሻም ስላልነበራቸው «ከዚህ በኋላስ ምን ሆነ?» እያሉ አባታቸውን መግቢያ መውጫ ያሳጧቸው ነበር። አባታቸውም ታክቷቸው «ልጄ፣ እኔ እሰፋዋለሁ እንጂ አልጻፍኩት፤ ሄደሽ ጸሐፊውን ጠይቂው» ቢሏቸው፣ እሳቸው እውነት መስሏቸው ጫማቸውን አጥልቀው ጸሐፊ ፍለጋ ከቤት እንደ ወጡና ከሰፈሩ ማዶ በፖስታ አመላላሽ ተይዘው እንደ ተመለሱ፣ እናታችን እስኪያልፉ ድረስ እየሳቁ ሲያወጉት ኖረዋል።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ትምህርት ቤቶች ፈጽመው፣ ከመምህራን ማሠልጠኛ ከተመረቁ በኋላ ለጥቂት ዓመታት ቋንቋ አስተማሩ፤ ከዚያም በከተማችን ጋዜጣ በአራሚነት ተቀጠሩ። ሥራ በጀመሩ በሳምንቱ የዋና አዘጋጁን ርእሰ አንቀጽ በቀይ ቀለም አዥጎርጉረው ቢመልሱላቸው፣ በግልጽነታቸው የሚታወቁት እኒያ አዛውንት ወረቀቱን ለባልደረቦቻቸው ከፍ አድርገው አሳይተው «ይህችን ሴት ወይ እናባርራት ወይ እናሳድጋት፤ እንዲሁ ከተቀመጠች ግን አልቆልናል» አሉ። አላባረሯቸውም። ከአየር ጠባይ ትንበያው ሥር አንዲት ጥግ ሰጧቸው፤ ያቺ ጥግ እያደገች ሄዳ ዘወትር ሐሙስ የምትወጣ ሙሉ የመጻሕፍት ገጽ ሆነች። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ከበር ጠባቂው እስከ አንባቢው ድረስ በወላጅ የወጣላቸውን ስም ትቶ «እትዬ ገጽ» ይላቸው ጀመር።

እትዬ ገጽ ስለ አንድ መጽሐፍ ከመጻፋቸው በፊት ሁለት ጊዜ ያነቡት ነበር፤ የወዳጅ ነው ብለው አያቆላምጡም፣ የባላጋራ ነው ብለው አያጣጥሉም። አንድ ስመ ጥር ልብ ወለድ ጸሐፊ ወፍራም መጽሐፍ ባሳተሙ ጊዜ «ባለ ታሪኩ በገባበት ቤት ሁሉ ይቀመጣል እንጂ አንድም ቀን ተነሥቶ ሲሠራ አላየሁትም» ብለው ስለ ጻፉ፣ ጸሐፊው ለብዙ ዓመታት እሳቸውን ሲያዩ መንገድ ይሻገሩ ነበር። በሌላ በኩል ደግሞ ማንም ያልሰማውን ጀማሪ ለአንባቢ ሲያስተዋውቁ፣ የራሳቸውን ልጅ የሚድሩ ይመስል ፊታቸው ይፈካ ነበር።

ከባለቤታቸው ጋር የተዋወቁትም በዚሁ ሥራ ነው። ባለቤታቸው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሲሆኑ፣ የዝግጅት ክፍሉን መብራት ሊጠግኑ መሰላል ላይ በወጡበት «እንደ እኔ ላለ ቸኳይ ሰው የሚሆን አጭር መጽሐፍ አይጠፋም?» ብለው ጠየቋቸው፤ እሳቸውም ካላቸው ሁሉ ወፍራሙን መርጠው ሰጧቸው። ሰውየው መጽሐፉን ሲመልሱ «አሳዝኖኛል፤ ይህ ሰው ለምን ሞተ?» ብለው ተቆጡ፤ ክርክሩ በአንድ ቀን ስላላለቀ በትዳር ቀጠለ። በትዳራቸውም ዛሬ መድኃኒት ቀማሚ የሆነውን ወንድ ልጃቸውንና በአውቶቡስ ሹፌርነት የምትተዳደረውን ሴት ልጃቸውን አፍርተው፣ በፍቅርና በማያልቅ ሙግት አብረው ኖሩ።

በዚህ ዓመት መባቻ፣ በአንድ ሐሙስ ጠዋት ግን ያልጠበቁት ደረሰባቸው። ቁርስ ላይ ጋዜጣቸውን ሲገልጡ፣ ራሳቸው ጽፈው፣ አርመው ያስረከቧት ገጽ የለችም፤ በቦታዋ የመታጠቢያ ገንዳና የወለል ንጣፍ ማስታወቂያ ከዳር እስከ ዳር ተንጣሏል። መጀመሪያ ወረቀቱ የወደቀ መስሏቸው ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብለው ፈለጉ፤ ሲያጡት የጎረቤታቸውን የልብስ ሰፊዋን በር አንኳኩተው «የናንተስ ጋዜጣ ሙሉ ነው?» ብለው ጠየቁ። የጎረቤትም ጋዜጣ ላይ ያው ገንዳ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ዛሬ እዚህ በመካከላችን አሉ፤ እህታችን ሁለቱን ጋዜጣ ጎን ለጎን ዘርግተው ገጽ በገጽ ሲያመሳክሩ እንደ ነበር ይናገራሉ።

ወደ ጋዜጣው ቤት ሲደርሱ ጠረጴዛቸው ላይ የማስታወቂያ ሠራተኞች ተቀምጠውበታል፤ ለግምገማ የመጡት መጻሕፍት ከመጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ኮሪደር ላይ ተከምረዋል። አስቀድሞ የነገራቸው ሰው አልነበረም። ሥራ አስኪያጁ ተቀብለው «እትዬ፣ ዘመኑ ተለውጧል፤ መጽሐፍ አሁን ማን ያነባል ብለው ነው? ከፈለጉ ስለ ቤት አያያዝ ይጻፉልን» ቢሏቸው፣ እሳቸው «የሚያነብ ሰው ከሌለ ጋዜጣውንስ ለማን ነው የምታትሙት?» ብለው ወጡ። የቻሉትን ያህል መጽሐፍ ታቅፈው ደረጃውን ሲወርዱ ጥቂቶቹ ሾልከው ወደቁ። በዚያ ደረጃ ላይ ከቆሙት ባልደረቦቻቸው ጎንበስ ብሎ ያነሣላቸው አልነበረም፤ ሁሉም ድንጋይ ሆኖ ቀርቶ ነበር። እህታችን ከገጿ መቅረት ይልቅ ያ ዝምታ እንደ ጎዳቸው ለባለቤታቸው ነግረዋቸዋል።

እንዲያም ሆኖ እጃቸውን አጣምረው አልተቀመጡም። በቀጣዩ ሐሙስ ባለቤታቸውን ታጣፊ ወንበር አሸክመው ከጋዜጣው ቤት በር ሄዱ። ባለቤታቸው መንገዱን ሙሉ «በዚህ ዕድሜያችን መሳቂያ ልንሆን ነው» እያሉ ቢያጉረመርሙም ወንበሩን ግን አላስቀመጡም። በር ጠባቂው «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እዚህ መቀመጥ ክልክል ነው ተብያለሁ» ሲላቸው፣ «ክልክሉ እስከ የት ድረስ ነው?» ብለው ጠየቁት፤ እሱም በጫማው ጫፍ የንጣፉን መጨረሻ አሳያቸው፤ እሳቸውም አንድ ስንዝር አለፍ ብለው ወንበራቸውን ዘረጉና በዚያ ቀን ልትታተም ይገባት የነበረችውን ገጽ ከላይ እስከ ታች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ። የሰሟቸው አውቶቡስ የሚጠብቅ አንድ ሰውዬና በር ጠባቂው ብቻ ነበሩ። አውቶቡሱ ሲመጣ ሰውዬው አልተሳፈረም።

ከዚያ ወዲህ ሐሙስ በመጣ ቁጥር ሰው እየጨመረ ሄደ፤ መጻሕፍት ሻጮች፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች፣ ደብተር የያዙ ተማሪዎች፣ ሲያልፉ ቆመው የቀሩ መንገደኞች እግረኛ መንገዱን ሞሉት። በአንዱ ሐሙስም ያ መንገድ ይሻገሩ የነበሩት ልብ ወለድ ጸሐፊ የራሳቸውን በርጩማ በብብታቸው ይዘው ብቅ ሲሉ፣ ጠብ ሊነሣ ነው ተብሎ ሰው ሁሉ ተሳቀቀ። ጸሐፊው ግን ከእህታችን አጠገብ ተቀምጠው «እኚህ ሴት ቢሰድቡኝም አንብበውኝ ነው የሰደቡኝ» አሉ። ሳቁ ፎቅ ድረስ ተሰማ። በፎቁም መጋረጃው ተዘጋ። ሕዝቡ ፈርሞ ያቀረበው አቤቱታ «ይታያል» ተባለ እንጂ፣ ገጿ ሳትመለስ ወራት አለፉ።

ባለፈው ሰኞ እህታችን ሽንኩርት እየከተፉ፣ ለነገው ሐሙስ ያዘጋጁትን መጽሐፍ ታሪክ ለባለቤታቸው ይተርኩላቸው ነበር። የአንዲት የአውቶቡስ ትኬት ሻጭ የመጀመሪያ የአጫጭር ልብ ወለዶች መድበል ነው። ከአንዱ ታሪክ መካከል ደርሰው ድንገት ዝም አሉ። የማንኛውንም መጽሐፍ መጨረሻ ለማንም የመናገር ልማድ ስላልነበራቸው፣ ባለቤታቸው ይህም ያው ዝምታ መስሏቸው፣ ጀርባቸውን እንደ ሰጡ «በይ በይ፣ እንግዲህ ልትደብቂኝ ነው!» እያሉ ሲቀልዱ ቢላዋው ከወለሉ ሲያርፍ ሰሙ። ሐኪሞቹ በአንጎላቸው ውስጥ የደም ሥር መፈንዳቱን ነገሩን። ራስ ምታት እንኳ አያውቁም ነበር። ባለቤታቸው ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ብቻቸውን በተቀመጡ ቁጥር «ከዚያስ?» ይላሉ።

በማግስቱ የጋዜጣው ሥራ አስኪያጅ ስልክ ደውለው፣ ሙሉ ገጽ የኀዘን መግለጫ ስለሚያወጡ ትልቅ ፎቶግራፍ እንድንልክላቸው ጠየቁን። ስልኩን ያነሣችው ሴት ልጃቸው ለአባቷ አቀበለቻቸው፤ እሳቸውም «በቁሟ ስትለምናችሁ የጠፋ ገጽ ስትሞት ከየት ተገኘ? ፎቶውን ተዉትና የጻፈችውን አትሙላት» አሏቸው። አስበን እንደውላለን ተባለ። አልደወሉም። ዛሬ ጠዋት ግን ጋዜጣው የእህታችንን ፎቶግራፍ ከየትም አግኝቶ በሙሉ ገጽ ይዞ ወጣ፤ «የመጻሕፍት ባለውለታ» ይላቸዋል፤ ገጻቸው እንደ ተወሰደች፣ በራሱ ደጃፍ ተቀምጠው ሲጮኹ እንደ ከረሙ አንዲት ቃል የለበትም። ይህን ያየን ሁላችን ሞታቸውን ዳግመኛ የሰማን ያህል ደነገጥን። ይሁንና ያን ቀን በደረጃው ላይ ዝም ያሉት ባልደረቦቻቸው፣ አራሚዎቹና የማተሚያ ቤቱ ሠራተኞች፣ ዛሬ ሥራቸውን ትተው የአስከሬናቸውን ሣጥን ተሸክመው እዚህ አድርሰዋል። ነገ ሐሙስም እህታችን ጽፈዋት ያለፏትን ገጽ እኒያ ልብ ወለድ ጸሐፊ ከዚያው በር ያነቧታል፤ ባለ መጽሐፏ ትኬት ሻጭም ከጎናቸው ትቀመጣለች።

እህታችን ባለቤታቸውን፣ ወንድና ሴት ልጃቸውን፣ ገና ፊደል በመቁጠር ላይ ያለችውን የልጅ ልጃቸውን፣ ታናሽ ወንድማቸውን፣ እንዲሁም ሐሙስን በጉጉት የሚጠብቁ፣ በመልክ የማያውቋቸው ብዙ አንባቢዎችን ትተው አልፈዋል። ፈጣሪ የደከመች ነፍሳቸውን በቸርነቱ ተቀብሎ በሰላም ያሳርፍልን፤ ለባለቤታቸውና ለልጆቻቸው ብርታቱን ያድልልን፤ በድንጋጤ የተዘጋውን አንደበታችንንም ነገ ከዚያ በር ስንቆም ይፍታልን። አሜን።