አባ ፍሬን ቶሎ ቶሎ የሚቆምበት ምክንያት

በዚያ መስመር ከሚመላለሱት የአውቶቡስ ሹፌሮች መካከል አባ ፍሬንን በመንዳት የሚስተካከለው አልነበረም፤ በመቆምም እንዲሁ። ቅጽል ስሙን ያወጡለት ባልደረቦቹ ናቸው። ትንሽ ከተጓዘ በኋላ «ጎማ ልይ» ብሎ ይወርድና ከአውቶቡሱ ጀርባ ይሰወራል። አንዲት ነፍሰ ጡር ተሳፍራ የመጨረሻው ፌርማታ ስትደርስ ልጇ ጥርስ አብቅሎ ነበር ይላሉ። ማጋነን ነው፤ ልጁ ገና መዳህ ነበር የጀመረው።

አንድ ቀን የአባ ፍሬን የሴት ልጁ ባል፣ በሙያው ነርስ የሆነው፣ መኪናው ተበላሽቶበት ሳያስበው የአማቱ አውቶቡስ ላይ ተሳፈረ። ገና ከከተማው ሳይወጡ አውቶቡሱ ቆመ።

«ሹፌር!» አለች ከኋላ አንዲት የሽንኩርት ነጋዴ፤ «ይሄ ጎማ ጡት የሚጠባ ልጅ ነው እንዴ፣ በየደረስንበት የሚታየው?»

«ለእናንተው ደኅንነት ነው» ብሎ ወረደ።

አማቹ ተከተለው። አባ ፍሬን ግንባሩን የአውቶቡሱ ቆርቆሮ ላይ አስደግፎ ቆሟል፤ የሚጠብቀው ነገር ግን አልመጣ ብሎታል። ኮቴ ሲሰማ ደንግጦ ሱሪውን አስተካከለና ጎማውን በእግሩ መታ።

«ንፋስ ጎድሎታል።»

«አባባ፣ ጎማው ደህና ነው። ሽንት ያስቸግርዎታል?»

«ከልጄ ባል ጋር ስለ ሽንት ላወራ? ለዚህ ነው የዳርኩልህ?»

«እኔ እኮ ደመወዝ የሚከፈለኝ ስለዚሁ ሳወራ ነው።»

«እርጅና ነው፤ ተወው።»

«ሊሆን ይችላል። ዕድሜ ሲገፋ ከፊኛ ሥር ያለችው ፕሮስቴት የምትባል እጢ ታብጥና መተላለፊያውን ታጠባለች፤ ብዙ ጊዜ ካንሰር አይደለም። የካንሰሩ ክፋት ግን ሲጀምር ምልክት ላያሳይ መቻሉ ነው። ታላቅ ወንድምዎ በምን ሞቱ?»

አባ ፍሬን ጎማውን እንደገና መታው። ወንድሙ ወገቤን ወገቤን ሲል፣ ከባድ ዕቃ አንስቶ ነው ሲባል፣ ሐኪም ዘንድ የደረሰው የፕሮስቴት ካንሰሩ አጥንቱ ውስጥ ከገባ በኋላ ነበር።

«በወንድም ላይ ሲገኝ የእርስዎም ሥጋት ከሌላው ሰው ይበልጣል። የማልተውዎት ለዚህ ነው።»

«እሰማለሁ እኮ! ጣት ያስገባሉ አሉ። አንዱ ሐኪም የእጅ ሰዓቱን እዚያው ረስቶት ሰውየው እስከ ዛሬ ልክ በስድስት ሰዓት ይደውላል!»

ነርሱ ሳቁን ዋጠ። «የደወለውን አልሰማሁም። መጀመሪያ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው የደም ምርመራ ነው፤ ከክንድ ይቀዳል። ውጤቱ ከፍ ቢል ካንሰር ነው ማለት አይደለም፤ ዝቅ ቢልም ሙሉ ዋስትና አይሆንም። ካጠራጠረ ምስል ይነሣል፣ ከእጢው ናሙና ይወሰዳል። ምርመራውም የራሱ ጣጣ አለው፤ የማይጎዳ ነገር አግኝቶ ሰውን በከንቱ ሊያስጨንቅ ይችላል። ስለዚህ ከሐኪም ጋር ተማክረው የሚወስኑት እርስዎ ነዎት።»

«ሁለት ሰው የሚያየው ምን ዓይነት ጎማ ነው?» አለች ነጋዴዋ በመስኮት ብቅ ብላ።

አባ ፍሬን ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ነው ቢሉኝስ? እኔ መሪ ጨብጬ ነው ሰው የሆንኩት። ቆራርጠውኝ፣ ሽንቴ ያለ ፈቃዴ እየፈሰሰ፣ ሚስቴ ጎን እንደ ትራስ ተጋድሜ...»

«አልዋሽዎትም፤ ቀዶ ጥገናውም ጨረሩም እንዲህ ያለ ችግር ሊያመጡ ይችላሉ። ግን ሁሉም አይቆረጥም። ቀስ ብሎ የሚሄደውን ሳይነኩ፣ በየጊዜው እየመረመሩ መከታተል ይቻላል። ምርጫ የሚኖርዎት ቀድመው ካወቁ ነው። ወንድምዎ ምርጫ አልነበራቸውም።»

ወንድ ልጅ እንዲህ ነው፤ ሞተሩ እንግዳ ድምፅ ካሰማው አውልቆ ካላየ እንቅልፍ አይወስደውም። ገላው ሲንገጫገጭ ግን ሬዲዮውን ከፍ ያደርጋል። አባ ፍሬንም መንገዱን በሙሉ ሬዲዮውን አስጩኾ ነዳ፤ ሲደርሱ ግን አጠፋውና «ነገ ውሰደኝ» አለ።

ደሙ አጠራጠረ፤ ናሙና ተወሰደ። ካንሰር ተገኘ፤ ትንሽና ቀስ ብሎ የሚሄድ። ይኼኔ ቢላ ሲፈራ የኖረው ሰውዬ ተገለበጠ።

«ዛሬውኑ አውጡልኝ! ጠላት አሳፍሬ አልነዳም!»

«ማውጣት መብትዎ ነው፤» አለችው የመረመረችው ዶክተር፤ «ግን ይሄኛው ለጊዜው የሚያስቸኩል አይደለም። ከተከታተልነው ሥራዎም ጎጆዎም እንዳለ ይቆያል። ቢለወጥ ደግሞ ቀድመን እናገኘዋለን፤ ያኔም ቀዶ ጥገናውና ጨረሩ አይቀሩብዎትም። ከባለቤትዎ ጋር ይምከሩበት።»

ተማከሩ፤ ክትትሉን መረጠ። ለእብጠቱ የታዘዘለት መድኃኒት መቆሙን ቀነሰለት፤ አውቶቡሱ በሰዓቱ መድረስ ሲጀምር ደንበኞች ግራ ገባቸው።

በሹፌሮች ማረፊያ ግን አንድ ትከሻ ሰፊ ሹፌር «አባ ፍሬን፣ አኮላሹህ አሉ!» ብሎ ቤቱን በሳቅ አናጋው።

«ይኸው እነዳለሁ፤» አለ አባ ፍሬን። «ምን እንዳለብኝ አውቃለሁ፣ ምን እንደማደርግም አውቃለሁ። እናንተ የምታውቁት መሳቅ ነው። ሃምሳን ያለፈ፣ ከቤተሰቡ የታመመበት ደግሞ ከዚያም ቀደም ብሎ፣ ሐኪም ይጠይቅ። መጠየቅ ማንንም አላኮላሸም።»

ሲወጣ ያ ሹፌር በር ላይ ያዘው። «እ... የሚመረመሩት የት ነው? ለአንድ ጓደኛዬ ነው።»

«ጠዋት ቀጠሮ አለኝ፤ ጓደኛህን ይዘኸው ና።»

ጠዋት ሰውዬው ብቻውን መጣ።