መከታ የታከመባት አንዲት ክፍል

ማክሰኞ ጠዋት በደብረ ታቦር መናኸሪያ አያ ጥላዬ ከአንድ የሚኒባስ ረዳት ጋር ተፋጠው ቆመዋል። ያጣላቸው በገመድ የታሰረ ቀይ ውሻ ነው። ረዳቱ በግ ቢሆን ጣራ ላይ እንደሚጭንላቸው፣ ውሻ ግን፣ ያውም ለሃጩን የሚያዝረበርብ፣ ሁለት ወንበር ቢከፍሉም እንደማይጭን ነገራቸው። አያ ጥላዬ ደግሞ እንቢ ሲባሉ የሚብስባቸው ሰው ናቸው።

በዚህ መሀል የጎረቤታቸው የጨርቅ ነጋዴው የአደም ልጅ፣ የባዮሎጂ መምህሩ ኢልያስ፣ በዚያ ሲያልፍ አያቸው። ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጥቶ ወዴት እንደሚሄዱ ጠየቃቸው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ውሻው መከታ ሦስት ቀን ሙሉ እህል አልቀመሰም፤ አፉንም መግጠም አቅቶታል። ጎረቤቱ "አብዷል" ብሎ ልጆቹን ቤት ዘጋባቸው። የሰፈሩ ሽማግሌዎችም እስከ ዛሬ ምሽት ሐኪም ደህና ነው ካላለ ውሻው እንዲገደል ቆርጠው ነገሯቸው። መከታ ባለፈው ክረምት ጅብ ከበጎቻቸው በረት የመለሰ ነው። አያ ጥላዬ ይወዱታል፤ መውደዳቸውንም ደብቀው አያውቁም። ስለዚህ ባሕር ዳር፣ ትልቅ ሐኪም ዘንድ ሊወስዱት ተነሡ።

"ምነው አያ ጥላዬ፣ ፈትያ እዚሁ ከገበያው ጀርባ የእንስሳት ክሊኒክ ከፍታ የለም?" አለ ኢልያስ።

"የነጂብ ልጅ? እሷን እኮ ከኮክ ዛፌ ላይ በልምጭ ሳወርዳት ነው የማውቃት። ደግሞ ያቺ አንዲት ክፍል ሐኪም ቤት ተብላ ነው? ሐኪም ቤት ማለት ፎቅ ያለው ነው፣ ልጄ።"

እዚህ ላይ አያ ጥላዬን ብቻ መውቀስ አይገባም። የአገራችን ሰው መድኃኒት በራቀ ቁጥር የሚበረታ ይመስለዋል። ደጃፉ ያለውን ጠበል ትቶ ሦስት ቀን ለሚያስኬደው ይሳላል።

ኢልያስም ይህን ያውቅ ነበርና በዚያው በኩል መጣባቸው። "ወንዛዬ ፍል ውሃ ሰው ከየት ከየት ነው የሚመጣ?"

"ከየአገሩ ነዋ።"

"ለወንዛዬ ሰው ግን ጎረቤቱ ነው። ቅርብ ስለሆነ አያድነውም?"

ኢልያስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቀጠለ። "አይቆጡኝና፣ በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚባለው ይኸው ነው። የባሕር ዳሩ ሐኪም ጎበዝ ይሆናል፤ መከታን ግን አያውቀውም። ፈትያ የሰፈሩን ውሻና ድመት አንድ በአንድ ታውቃለች። ከአቅሟ በላይ ከሆነም ራሷ ጽፋ ትልክዎታለች። ደግሞስ፣ አያድርገውና አብዶ ከሆነ፣ ሰው በሞላበት መኪና ሊጭኑት ነው?"

የመጨረሻዋ ቃል ነካቻቸው። ገመዱን ጠቅልለው ከኢልያስ ጋር በእግራቸው ተመለሱ።

ክሊኒኳ በእርግጥም አንዲት ክፍል ናት፤ ግን ወለሏ የታጠበ፣ መድኃኒቷም በማቀዝቀዣ የተቀመጠ ነው። ፈትያ ተነሥታ ተቀበለቻቸው። ወፍራም ጓንት አጥልቃ መከታ ሰው ነክሶ፣ ለሃጩም ቁስል ነክቶ እንደሆነ ጠየቀች። እንዳልነከሰና እንዳልነካ ነገሯት። ከዚያ አንድ መዝገብ ገልጣ አነበበች።

"መከታ፣ ቀይ፣ የአያ ጥላዬ። ባለፈው ኅዳር የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ተከትቧል።"

"አልተከተበም። ለውሻ ደግሞ መርፌ ብዬ እንቢ ያልሁ እኔው ነኝ።"

ፈትያ ሳቋን ዋጠች። "እርስዎ ጣራ ገዳም የሄዱ ጊዜ ባለቤትዎ እትዬ የሺ አምጥተውት ነበር።"

ኢልያስ ድንገት የግድግዳውን ሥዕል ማየት አማረው።

ክትባቱን ካረጋገጠች በኋላ መከታን በመርፌ አስተኛችውና አፉን በጥንቃቄ ከፍታ በባትሪ አየች። ላንቃው ላይ፣ በመንጋጋዎቹ መካከል፣ አንድ የበግ አጥንት ተሰንቅሯል። ቅዳሜ ዕለት አያ ጥላዬ ራሳቸው የወረወሩለት ነው። በጉጠት ነቅላ አወጣችው።

"ባሕር ዳር ደርሰው ተከትቧል ወይ ቢባሉ ምን ይመልሱ ነበር?" አለች እጇን እየታጠበች።

አያ ጥላዬ መልሱን ያውቁታል። ተጠራጥሮ ይገደል ቢል በሐኪሙ አይፈረድም ነበር። "እኔው በአፌ ላስገድለው ነበር" አሉ ቀስ ብለው።

መከታ ከሰዓት በኋላ ነቅቶ ውሃ ጠጣ። ፈትያ ለሽማግሌዎቹ የሚታይ ወረቀት ጻፈች፤ የክትባቱንም ካርድ ሰጠቻቸው፤ ጎረቤት እንዲረጋጋም ዐሥር ቀን ታስሮ እንዲቆይ፣ እሷም ጠዋት ጠዋት ስታልፍ እንደምታየው ነገረቻቸው። ከባሕር ዳር ማን መጥቶ ያየው ነበር?

ሲመሻሽ አያ ጥላዬ በሽማግሌዎቹ ፊት ቆመው፣ ጠዋት እንቢ ያሉትን ሁሉ ከልጅነታቸው ጀምሮ ያወቁት ይመስል አስተማሩ። ሐኪም በፎቁ እንደማይመረጥ፣ እንስሳውን በስሙ የሚያውቅና የትናንቱን ጽፎ የሚያቆይ ሐኪም ቅርብ ካለ ሩቅ መንገድ ድካም ብቻ እንደሆነ፣ ውሻ ሲከተብም የሚጠበቀው ውሻው ብቻ ሳይሆን የመንደሩ ልጅ ሁሉ እንደሆነ አስረዱ። ሽማግሌዎቹም ወረቀቱን አይተው ፍርዳቸውን አነሡ፤ አንዱ እንዲያውም የራሱን ውሻ የት እንደሚያስከትብ ጠየቀ።

ወይዘሮ የሺ ደጃፍ ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር። መከታን በሕይወት ሲያዩ እንባቸው መጣ። አያ ጥላዬ የክትባቱን ካርድ አውጥተው ሲሰጧቸው ግን ደንገጥ ብለው አንገታቸውን ደፉ።

"ቀና በይ" አሉ አያ ጥላዬ። "አንቺ ባትደብቂኝ ዛሬ ውሻ አልነበረኝም። ኅዳር ሲመጣ ግን ተደብቀሽ አትሂጂ፤ ገመዱን የምይዘው እኔ ነኝ።"