የአቶ አሰፋ ፍራሽና የታጁዲን ወገብ

ስለ ልብስ ሰፊው ታጁዲን ወገብ መዳን በሐረር ሁለት ወሬ ነበር። አንደኛው ለእሱ ብቻ የተለየ መርፌ ተወግቶ ነው የዳነው ይላል። ሌላው ደግሞ መርፌው ምንም አልፈየደለትም፤ ያዳነው ምንጣፍ ላይ ተንጋሎ የሚሠራው ስፖርት ነው ይላል። አቶ አሰፋ ያመኑት የመጀመሪያውን ነው።

እንዴት አያምኑ? ሁለቱም መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ ጎን ለጎን የሚሰፉ ናቸው። ሁለቱንም ያጎበጣቸው የዲስክ መንሸራተት ነው፤ ነርቭ የሚያደነዝዘውን መርፌም የወጋቸው አንድ ሐኪም ነው። ታጁዲን ግን ወደ ስፌቱ ተመልሷል። እሳቸው ሳሎን ፍራሽ ላይ ተጋድመው ጠያቂ ይቀበላሉ። ደንበኞቻቸው ጨርቃቸውን እየያዙ ወደ ታጁዲን መሄዳቸውን ሲሰሙ፣ ከወገባቸው ይልቅ ውስጣቸው ይንገበገብ ነበር።

መርፌውን ለሁለተኛ ጊዜ ተወግተው በባጃጅ ሲመለሱ፣ ኤረር በር በሚባለው የከተማው ግንብ በር አጠገብ የታጁዲን ልጅ ፈርዶሳ ተሳፈረች። ፊዚዮቴራፒ፣ ማለትም ሕመምን በእንቅስቃሴ ማከም፣ ተምራ ሐኪም ቤት የምትሠራ ልጅ ናት።

«ጋሽ አሰፋ፣ ወገብዎ እንዴት ነው?»

«ያባትሽን መርፌ ብታስወጊኝ ደኅና ይሆን ነበር።»

«ወላሂ መርፌው አንድ ነው!»

«ሐኪም ቤት የምትሠራ ልጅ ላለው ሰው እንደዚያ ነው የሚባለው።»

ፈርዶሳ ሳቋን ዋጥ አደረገች። «የፊተኛው መርፌ አላሻለዎትም ነበር?»

«ሕመሙ ድራሹ ጠፍቶ ነበር። ኋላ ብሶ መጣ።»

«በጠፋበት ጊዜ ምን ይሠሩ ነበር?»

«ተኝቼ ነዋ! የዕድር ሰው ሊጠይቀኝ ሲመጣ ቆሜ ቢያገኘኝ ምን ይለኛል? አስመስሎ ነው የተኛው አይለኝም?»

በዚህ ነገር አቶ አሰፋ ብቻቸውን አይደሉም። በአገራችን ስንቱን ሰው ከሕመሙ ይልቅ ይሉኝታ ፍራሽ ላይ አስቀርቶታል።

«ሐኪሙ ስለ እንቅስቃሴ አልነገረዎትም?»

«ነግሮኛል። ለወጣቶቹ የሚል መስሎኝ።»

«መርፌው ነርቩን ዝም ያሰኘዋል እንጂ ወገብ አያጠነክርም» አለች ፈርዶሳ። «ሕመሙ ሲበርድ ግን የሆድና የጀርባ ጡንቻ ለማሠራት ጊዜ ይሰጣል። አባቴ በዚያ ጊዜ ሠራበት፤ እርስዎ ተኙበት።»

«ታዲያ ስፖርቱ ብቻውን አይበቃም? ምን ያስወጋል?»

«ለአንዳንዱ ይበቃል። አባቴ ግን ያለ መርፌው ሲሞክር እግሩን ማንሣት አቅቶት አለቀሰ።»

«ታጁዲን አለቀሰ?»

አቶ አሰፋ ደስ አላቸው። ደስ ስላላቸው ደግሞ አፈሩና ወደ ውጭ መመልከት ጀመሩ።

«ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት አይደለም፤ ሐኪም ነው የሚወስነው» ስትል ቀጠለች። «እግር ከዛለ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካስቸገረ ደግሞ ስፖርት የለም፤ በቶሎ ሐኪም ቤት ነው።»

«በዚህ ዕድሜዬ እንደ ጨቅላ ተንጋልዬ እግሬን ልስቀል?»

«አባቴም መጀመሪያ በሩን ቆልፎ ነበር የሚሠራው።»

ባጃጁ ፈላና በር የሚባለው ሌላው የግንብ በር ጋ ሲቆም ታጁዲን ራሱ ልጁን ሊቀበል ቆሟል። ቀጥ ብሎ መቆሙን ሲያዩ የአቶ አሰፋ ቅናት እንደገና ተነሣ። ታጁዲን አንገቱን ወደ ባጃጁ አስገባ።

«አሰፋ፣ መቼ ነው የምትመለስ? ደንበኞችህ ገደሉኝ እኮ። አንዷ ‹አሰፋ አንገቱን እንዲህ አያበላሽም› ትለኛለች፣ ሌላዋ እጅጌውን አስፈትታ ታሰፋኛለች። ስንት ዘመን ስቀናብህ ኖሬ አሁን በሌለህበትም ልቅና?»

አቶ አሰፋ ይህ ሰው በእሳቸው ይቀናል ብለው አስበው አያውቁም ነበር። በሰው ጤና ሲቃጠሉ የራሳቸውን መዳኛ ጊዜ አንድ ጊዜ አባክነውታል። ዛሬ መርፌው ዳግመኛ ጊዜ ሰጥቷቸዋል። ከተጠቀሙበት ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ያስራሉ፣ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ይሰፋሉ፣ ለመርፌ መመላለሱም ይቀንስላቸው ይሆናል። ከተኙ ግን ሕመሙ ተመልሶ ሲመጣ የሚያገኛቸው እዚያው ፍራሽ ላይ ነው።

«ፈርዶሳ፣ መቼ ልጀምር?»

«ዛሬ ይረፉ። ነገ ሐኪሙን ጠይቄ እመጣለሁ፤ ኢንሻአላህ በቀላሉ እንጀምራለን።»

ቤት ሲደርሱ የዕድር ሰዎች ሳሎን ተቀምጠው ይጠብቋቸው ነበር። ባለቤታቸው ብርነሽ ትራሱን ለማስተካከል ብድግ አለች። አቶ አሰፋ የበሩን መቃን ይዘው ቆሙ።

«ብርነሽ፣ ፍራሹን አንሺው። ከነገ ጀምሮ እዚህ ምንጣፍ ላይ ስፖርት እሠራለሁ። ሊጠይቀኝ የሚመጣ ሰው ከፈለገ አጠገቤ ተንጋሎ ይሥራ፤ እኔ ግን ለማንም ብዬ አልተኛም።»