ሦስት ሣጥን

ጅቡቲ ከተማ፣ ከሀራሙስ ሰፈር በተሳፈርኩበት ሚኒባስ ውስጥ አንዲት የቤት ሠራተኛ አጠገቧ ለተቀመጡ የድሬዳዋ ስልክ ነጋዴ ወፍራም ስልክ ታሳያለች።

"ጋሼ፣ ፈረንሳዊው አሠሪዬ፣ ሙሴ የምንለው፣ አገሩ ሊገባ ነውና ስልኩን ግዢኝ አለኝ። ስልክም ኮምፒውተርም ነው። ይገዛል?"

"ይሄማ ሊኑክስ በሚሉት ፕሮግራም የሚሠራ ነው። ቢበላሽብሽ እዚህ ከተማ የሚጠግነው አታገኚም። ወላሂ፣ ይቅርብሽ።"

"ግን የጎደለውን ነገር ሰው ራሱ ሊጭንበት ይችላል። ሙሴ የኛን ፊደል ጫነልኝ።"

"ለማን ልትጽፊበት?"

"አገር ቤት ላለችው ልጄ። ፊደል ቆጥራለች። በላቲን ስጽፍላት ጎረቤት ነው የሚያነብላት።"

"አገር ቤት ያለው ተራ ስልክ ፊደላችንን አያውቅማ! እያንዳንዱ ፊደል ባዶ ሣጥን ብቻ ሆኖ ነው የሚደርሳት።"

ሠራተኛዋ በመስኮት ባሕሩን አየት አደረገች።

"ስሟ ሰላም ነው። ሦስት ሣጥን ሲደርሳት በጣቷ ትቆጥርና ስሟን እንደጠራሁት ታውቃለች።"

"ሌላው የምትጽፊላትስ?"

"እሱ እዚሁ ስልኬ ላይ ይቆያል። ስገባ አጠገቧ ተኝቼ አስነብባታለሁ።"

ነጋዴው ስልኩን አገላብጠው መለሱላት።

"እንግዲያው ግዢው፣ የኔ ልጅ።"

ባለፈው ሳምንት የተበላሸ መስሎኝ ያጠፋሁት መልእክት አራት ሣጥን ብቻ እንደነበረው ትዝ አለኝና፣ የስሜን ፊደላት በጣቴ ቆጠርኩ።